ዝምታ የሚበላው ሳጥን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ አንድ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል። «አስቴር፣ ስልክ ቤት ይህን ሁሉ ዘመን ምን ነበር የምትሠሪው?» ይሉኛል። ኦፕሬተር ነበርሽ ወይ ማለታቸው ነው። ኦፕሬተርስ ነበርኩ፤ እሱ ግን መጀመሪያው ብቻ ነው። «የሰው ድምፅ አጣጥፌ እልክ ነበር» ስላቸው ይስቁብኛል። አንዷማ «ድምፅ አንሶላ ነው እንዴ የሚታጠፈው?» አለችኝ። አንሶላ ባይሆንም ይታጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ሲፈጠር አንድ መስመር የአንድ ሰው ወሬ ብቻ ነበር የሚሸከመው። በአንድ መስመር ብዙ ሰው እንዲያወራ ከተፈለገ ከእያንዳንዱ ድምፅ ላይ የማያስፈልገው ተቀንሶ የሚያስፈልገው ብቻ መሄድ አለበት። የኔ ሥራ ያ መቀነስ ነበር። የትኛው ያስፈልጋል፣ የትኛው አያስፈልግም የሚለውን ማን ይወስናል? ወጣት ሳለሁ ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ይመስለኝ ነበር። መተሐራ ላይ አንድ ሰው እስኪታሰርበት ድረስ።

የተወለድኩት አዳማ ነው፤ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ቤተሰቤ ሰዎች ጴንጤ ከሚሏቸው ወገን ነው። በደርግ ጊዜ የጸሎት ቤታችን ሲዘጋ መዘምራኑ በየሰዉ ሳሎን መዘመር ጀመርን፤ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ። እየጮኹ መዘመር ቀላል ነው፤ ስህተቱ በጩኸቱ ውስጥ ይደበቃል። በሹክሹክታ ግን ማን ዜማ እንደሳተ፣ ማን ትንፋሽ እንዳጠረው ወዲያው ይታወቃል። ጆሮዬ የተሳለው እዚያ ይመስለኛል። መንግሥት ሳያስበው አሠልጥኖኛል ብዬ አንዳንዴ እስቃለሁ።

በኦፕሬተርነት ጥቂት ጊዜ ናዝሬት፣ ቀጥሎ አቦምሳ ሠራሁ። አቦምሳ ሳለሁ ከማዞሪያው ፊት ለፊት ተቀምጬ ገመድ ስሰካና ስነቅል ውዬ፣ ማታ ቤቴ ስገባ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ ያ ሁሉ ድምፅ በቀጭን ሽቦ ውስጥ እንዴት ይሄዳል? አለቃዬን ብጠይቀው «አንቺ አገናኚ፤ መሄዱን ለሱ ተዪለት» አለኝ። እኔ ደግሞ ለሱ መተው አልቻልኩም። የቴክኒሺያንነት ሥልጠና ሲመጣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ ደመወዜ ላይ ለወሬ የማይበቃ ትንሽ ነገር ተጨመረልኝ፣ ናዝሬት የማስተላለፊያ ክፍል ተመደብኩ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ለማ ነበሩ።

ጋሽ ለማ የሁሩታ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ግራጫ ካፖርት የሚለብሱ። የመሣሪያዎቹን የብረት በር ከመክፈታቸው በፊት ማዕድ ሊቀርቡ ይመስል እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ላብ ያለበት ጣት መገናኛዎቹን ያዝጋል ይሉ ነበር። ጠዋት ሲገቡ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ይሉኝና ቆመው መልሴን ይጠብቃሉ። እንደ ሌላው ሰው ሰላምታውን ወርውረው አያልፉም። «ነጋ»፣ ደህና፣ ካልኩ በኋላ ነው ካፖርታቸውን የሚሰቅሉት። መልስ መጠበቅ ከሁሉ በላይ የሚወዱት ነገር ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

መስመር ሲፈትኑም እንደዚሁ ነው። ሌላው ቴክኒሺያን ሁሉ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ነው የሚፈትነው። ጋሽ ለማ ይህን አይወዱም። «ሰው ተሰልፎ የሚደውለው ቁጥር ሊቆጥር ነው?» ይላሉ። እሳቸው ሞጆ ያለውን ባልደረባቸውን ጠርተው ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ አማቱ እግር፣ ስለ ቆዳ ፋብሪካው ሽታ ያወጉታል። በመሐል ዝም ይሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንዱ አለቃ «በመንግሥት መስመር ወግ ይጠርቃሉ» ብሎ ከሷቸው ነበር። «መስመር የሚታወቀው ሲያጫውቱት ነው፤ እንደ በሬ በጥርስ አይታይም» ብለው መለሱለት። አለቃውም ሳቀና ተወው።

አዲሱን የዲጂታል መሣሪያ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የሰው ድምፅ በየሰከንዱ ስምንት ሺህ ጊዜ ይለካል፤ ልኩም ወደ ቁጥር ይቀየርና ቁጥሩ ይላካል። ይህ ገባኝ። ያልገባኝ መጭመቂያው ነበር። ሹክሹክታም ጩኸትም በእኩል የቁጥር ብዛት ይላካል፤ ግን መሣሪያው ሹክሹክታውን በደቃቅ ልክ፣ ጩኸቱን በሻካራ ልክ ነው የሚለካው። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ቤትሽ ጨው በምንድነው የሚለካው?»

«በማንኪያ።»

«ጤፍስ?»

«በቁና።»

«ጤፍ በማንኪያ ብትለኪ ዕድሜሽ ያልቃል። ጨው በቁና ብትለኪ ወጡ ያልቃል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጠይቄያቸው አላውቅም። እስከ ዛሬም መጽሐፍ ላይ የመጭመቂያውን ልክ የሚያሳየውን ጠማማ መስመር ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ጨውና ጤፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ሳጥኑ ልምጣ።

ከናዝሬት መተሐራ ያለው መስመር ያኔ ጭንቅ ነበር። ለሸንኮራ ሥራ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ የመጣ ሰው አገሩ ያለ ዘመዱን ለማግኘት በናዝሬት በኩል መደወል አለበት፤ መስመሩ ጥቂት፣ ሰዉ ብዙ። ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ውሎ ሳይደውል የሚመለስ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሚስተር ኮል የሚባል ፈረንጅ መሐንዲስ ሁለት ሳጥኖች ይዞ ለሙከራ መጣ። አንዱ ናዝሬት፣ አንዱ መተሐራ ተተከለ።

የሳጥኑ ብልሃት የሚደንቅ ነበር። ሁለት ሰዎች ስልክ ሲነጋገሩ አንዱ ሲያወራ ሌላው ይሰማል። የሚሰማው ሰው ድምፅ አያወጣም፤ ስለዚህ ከእሱ በኩል ያለው መስመር ባዶውን ነው የሚሄደው። ሳጥኑ ያንን ባዶ መስመር ቀምቶ ለሌላ ተናጋሪ ይሰጠዋል። ሰሚው አፉን ሲከፍት ደግሞ ሌላ ባዶ መስመር ፈልጎ ይሰጠዋል። ይህን ሁሉ ዓይን ሳይርገበገብ ያደርገዋል። በዚህ ዘዴ በነበሩት መስመሮች እጥፍ ሰው ማናገር ይቻላል። ለእያንዳንዱ ደዋይ ትንሽ ቀይ መብራት አለው፤ ሳጥኑ «ይህ ሰው እየተናገረ ነው» ሲል ይበራል፣ «ዝም ብሏል» ሲል ይጠፋል። ከፊቱ ቆሜ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ሲሉ ሳይ ምሳ ሰዓት አለፈብኝ።

«ይህ ሳጥን ዝምታ እየበላ ነው የሚኖረው» አልኳቸው ጋሽ ለማን።

«እንግዲህ ዝምታችንን ይወደው እንደሆነ እናያለን» አሉ።

ሙከራውን ሦስታችን አካሄድነው። ሚስተር ኮል ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ናዝሬትና መተሐራ ላይ ያለው ውጤት እንዲነጻጸር ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት ነገር መነበብ አለበት አለ። ያለው ትክክል ነበር። ከጋዜጣ ላይ ስለ ምርት ዘመቻ የተጻፈ ገጽ ወሰድን። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ትንፋሹን ውጦ ይሰማል፣ የጠራውንና የተቆረጠውን ይናገራል። ጋሽ ለማ «ይህ ንባብ እንጂ ጨዋታ አይደለም» ብለው ነበር። ግን ለንጽጽሩ ሌላ መንገድ ስላልነበረ እሳቸውም አነበቡ፣ ያውም በደንብ።

አንድ ችግር ብቻ ገጠመን። ከመተሐራ የሚመጣው መስመር ጫጫታ ነበረበት፤ የጄኔሬተር እምምታ፣ የነፋስ ፉጨት። ሳጥኑ ይህን ሁሉ ንግግር እየመሰለው ማንም ሳይናገር መብራቱ ይበራል። ስለዚህ አንዲት ቁልፍ አለች፤ ድምፅ ከዚህ ከፍ ካላለ ንግግር አይባልም የምትል። እሷን በሁለቱም ሳጥኖች ላይ እኩል አድርገን ቀስ እያልን አጠበቅናት። ማንም ሳይናገር መብራቱ ሲጠፋ፣ ሲነበብ ሲበራ «በቃ» ተባባልን። ሦስታችንም ፈረምን፣ ሳጥኑ ሥራ ጀመረ።

የመጀመሪያው ሰሞን የመተሐራ ሰልፍ አጠረ። እኔ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ቀጥሎ ግን ግራ የሚያጋባ ቅሬታ መጣ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ሰዎች በስልክ እየተጣሉ ነው። ኦፕሬተሮቹ እንደነገሩን አንዱ ሲያወራ ቆይቶ በመሐል «ሃሎ? ሃሎ? አለህ?» ይላል፤ ወዲያው ይቆጣል። አንዲት ሴት «ወንድሜ አኮረፈኝ፤ ምን እንዳደረግኩት አላውቅም» ብላ ማዞሪያው ደጅ ላይ አልቅሳለች። እኛ መስመሩን ፈተንን፤ አንድም የተቆረጠ ነገር የለም። በእርግጥ የፈተንነው በዚያው በጋዜጣው ነው።

በዚህ መሐል ወይዘሮ አበራሽ መጣች።

ከመተሐራ በአውቶቡስ መጥታ ቢሯችን ደጅ ቁጭ ብላ አገኘናት። ባለቤቷ አቶ ሞሊሶ ይባላል፤ መተሐራ የሚገኝ የአንድ እህል መጋዘን ኃላፊ ነበር። ናዝሬት ያለ ጓድ ግርማ የሚባል ባለሥልጣን በስልክ ትእዛዝ ሲሰጠው «ዝም ብሎ ንቆኛል» ተብሎ ታሰረ። ጓድ ግርማ እየተናገረ ቆም ብሏል፤ መልስ የለም። እንደገና ተናግሮ ቆም ብሏል፤ መልስ የለም። ሦስተኛ ጊዜ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። የትእዛዙ ግማሽ ስላልተነገረ የተጠበቁት የእህል መኪናዎች አልሄዱም። ንቀቱ ላይ አሻጥር የሚል ቃል ተጨመረበት። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባል ቃል ስምህ ላይ ከተለጠፈ ከእስር ቤት ወደ የት እንደምትሄድ አይታወቅም ነበር።

«እናንተ የስልክ ሰዎች ናችሁ» አለች፤ «ያን ቀን መስመሩ ተቋርጦ ነበር ብላችሁ ንገሩልኝ። ሌላ ምንም አልለምናችሁም። አራት ልጆች አሉን።»

ጋሽ ለማ የዚያን ቀን ሁኔታ አጣሩ። ፊታቸውን አይቼ መልሱን አወቅሁት። መስመሩ አልተቋረጠም።

«ባለቤትሽ ራሱ ምን ይላል?» ብለው ጠየቋት።

«እኔ ምኑም አልገባኝም ነው የሚለው። እሳቸው ሲናገሩ አክብሬ እየሰማሁ ነበር፤ ድንገት ስልኩን ዘጉት ነው የሚለው። መልሰው ይደውላሉ ብሎ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነው ታጣቂዎቹ የደረሱት።»

«ተናግሮ ነበር ወይ? አዎ ብሎ ነበር?»

«እንዴ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አቋርጦ ይናገራል እንዴ? ሰምቷቸዋል እንጂ» አለች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቃችን ራሱ አስገርሟት።

ተቋርጦ ነበር ብለን መዋሸት እንችል ነበር፤ ግን መስመሩ መሥራቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ሞልቷል፤ ውሸቱ ቢያዝ ለሞሊሶ የባሰ ይሆናል። ጋሽ ለማ ለሴትየዋ የሆነውን ሳይደብቁ ነገሯት፤ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልብስሽን ያዢ፣ መተሐራ እንሄዳለን» አሉ። ሚስተር ኮል ናዝሬት ቀረ።

ወለንጪቲን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ መኪናው ውስጥ ገባ። በሰቃ ሐይቅ ዳር ስንደርስ ጋሽ ለማ «ጥርት ያለ መስመር ላይ ሰው እንዴት ይጣላል?» አሉ፤ መልስ የጠበቁ አልመሰለኝም።

የመተሐራው ጣቢያ ትንሽ ነው። የመሣሪያ ክፍሉና ሰው የሚደውልበት ጠባብ ክፍል በአንድ የመስታወት መስኮት ይተያያሉ። ጋሽ ለማ ሳጥኑን ከፍተው ሲመረምሩ እኔ ሥራ ፈትቼ በመስኮቱ ደዋዮቹን ማየት ጀመርኩ። አንዲት ሴት ገብታ ስልኩን ያዘች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠቅልላ፣ በሌላ በኩል ያለው ሰው ሲያወራ ትሰማለች። ድምፅዋ በመስታወቱ አይሰማኝም፤ ግን ደረቷን አያለሁ። ከፍ ይላል፣ አፏ ትንሽ ይከፈታል፣ ይከደናል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና። ምን እያደረገች እንደሆነ ለማወቅ ማንም ኢትዮጵያዊ መጠየቅ አያስፈልገውም። ሰው ሲያወራልን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግን «እህ» እንላለን። እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል፣ ልክ ነህ፣ አብሬህ ነኝ፤ ይህ ሁሉ በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ ነው ያለው። በቀን ስንት ጊዜ እንደምናደርገው ራሳችን አናውቀውም።

ዞር ስል የሴትየዋ ቀይ መብራት ጨለማ ነው። ደረቷ ከፍ ሲል አየሁ፤ መብራቱ አልበራም። እንደገና ከፍ ሲል ጠበቅሁ፤ አልበራም። ሴትየዋ ግራ በመጋባት ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው «ሃሎ? ሃሎ?» ማለት ጀምሮ መሆን አለበት።

«ጋሽዬ» አልኩ። «ጋሽዬ፣ ይምጡና ይዩ።»

መጥተው ከጎኔ ቆሙ። አንዴ ሴትየዋን፣ አንዴ መብራቱን እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እህታዋን ቀምተናታል» አሉ በመጨረሻ። «እህ» የምትልበትን ትንፋሽ ማለታቸው ነበር።

ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽ ደካማ ነው። የጄኔሬተሩን ድምፅ ለማጥፋት ያጠበቅናት ቁልፍ እሱንም ድምፅ አይደለም ብላ ትጥለዋለች። ጋዜጣ ሲነበብ ሰሚው ትንፋሹን ውጦ ነበርና ይህን በሙከራችን አላየነውም። በዚያ ላይ ሳጥኑ መስመሩን ሲቀማ የመስመሩን እምምታ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። በድሮው ስልክ ሰሚው ዝም ቢል እንኳ እምምታው ይሰማ ነበር፤ በእሱም ወዲያ ማዶ ሰው መኖሩ ይታወቅ ነበር። አሁን ግን የሚሰማው የመቃብር ዝምታ ነው። ጓድ ግርማ የሰማው ያንን ነው። ሞሊሶ በያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ በአክብሮት «እህ» እያለ ነበር፤ አንዷም አልደረሰችም። እኔ እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ቅጽበት ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ። ምክንያቱን ማወቅ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሐዘኑ ቀስ ብሎ ነው የመጣው።

ናዝሬት ተመልሰን ለሚስተር ኮል ስንነግረው አላፌዘብንም። «አሳዩኝ» አለ። አሳየነው። ያኔ ነው እሱ ራሱ እኛን ሲያዋራ ስንቴ እንዲያ እንደምናደርግ ያስተዋለው። በኋላማ አንድ ቀን ሙሉ ሰው ሲያወራ እየተከተለ ሲያዳምጥ ዋለ። ማስተካከል ቀላል ነው፣ ቁልፏን እናላላለን አለ። የከበደው ሌላው ነገር ነበር። ሞሊሶን ለማስፈታት «መሣሪያችን ነው ያጠፋው» ብለን መናገር አለብን። መሣሪያው ልክ ነው ብለን የፈረምነው ደግሞ እኛው ነን። አሻጥር የምትለዋ ቃል ከሞሊሶ ላይ ብትነሳ የምታርፍበት ትከሻ ትፈልጋለች።

«ቃል ቢጠፋ ለጓድ ግርማ ማስረዳት ይቻላል» አልኩ፤ «ትንፋሽ እንዴት ይብራራል? ሰበብ ፈጠሩ ይለናል።»

ጋሽ ለማ እጃቸውን ታጥበው እያደረቁ ነበር። «አይብራራም። ራሱ ያድርገው» አሉ።

ጓድ ግርማን አዲሱን መሣሪያ እንዲጎበኝ ጋበዝነው። ቁልፏን ሆን ብለን አልነካናትም። ጋሽ ለማ በማለዳ መተሐራ ሄዱ፤ እኔ ናዝሬት መሣሪያው አጠገብ ቀረሁ። ጓድ ግርማ ከጠባቂው ጋር መጣ። ወፍራም፣ ፈጣን ሰው ነው፤ ክፉ አይመስልም ነበር፣ የቸኮለ ነው የሚመስለው። ስልኩን ሰጠሁትና ጋሽ ለማ ከመተሐራ ስለ መስመሩ ማብራሪያ እንደሚሰጡት ነገርኩት። ቀዩዋን መብራት በጣቴ አሳየሁት፤ «እርስዎ ሲናገሩ ትበራለች» አልኩት። «ሃሎ» ሲል በራች። ደስ አለው።

ጋሽ ለማ ጀመሩ። እኔም በማዳመጫ እሰማቸው ነበር። ስለ መስመሩ ሳይሆን ስለ ሁሩታ ገበሬ፣ ዋግ ስለመታው ስንዴ፣ ዝናቡ ስለዘገየበት ዓመት ነበር የሚያወሩት። ወሬ ያውቁበታል። ጓድ ግርማ የገበሬ ልጅ ነበርና ወዲያው ተመሰጠ። ግንባሩን ቋጥሮ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ፤ «እህ»። መብራቷ ጨለማ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ጨለማ።

ድንገት ጋሽ ለማ ንግግራቸውን አቆሙ። ከዚያ በረጋ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ጓድ ግርማ፣ ይህን ያህል ስናገር አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ሽማግሌ ሲያዋራዎ ይንቃሉ እንዴ?»

ጓድ ግርማ ፊቱ ጠቆረ። «ምን ማለትዎ ነው? እየሰማሁዎ አይደል እንዴ? እህ እያልኩ...» ብሎ መሐል ላይ ቆመ።

ጠባቂው እኔን አየኝ። እኔ ወደ መብራቷ አመለከትኩ። ጓድ ግርማ መብራቷን እያየ ትንፋሹን ሳበ። አልበራችም። ጠንከር አድርጎ ሳበ። አልበራችም። «አዎ» አለ፤ በራች።

«ድምፅዎ አይደርሰኝም ነበር» አሉ ጋሽ ለማ በስልኩ። «መሣሪያውን እኔ ነኝ የፈረምኩበት። የእህል መጋዘኑ ሰውዬም እንደ እርስዎ ነው የሆነው።»

ጓድ ግርማ ስልኩን አስቀመጠና ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ዞር ሳይል «ይህ ነገር ይስተካከል» አለ። ስለ ሞሊሶ አንድም ቃል አልወጣውም። ጋሽ ለማን ሊወስዷቸው ይመጣሉ ብዬ ያን ሰሞን መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መስኮቱ እሄድ ነበር። የመጣ የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አቶ ሞሊሶ መፈታቱን ሰማን፤ ከኃላፊነቱ ግን አልተመለሰም።

ሳጥኑስ? ቁልፏን አላላናት፣ ትንፋሹ አለፈ፣ የስልኩም ጠብ ቆመ። ግን በአንድ ጊዜ እጥፍ ሰው የማናገሩ ነገር አብሮ ጠፋ። ሰሚው ሁሉ «እህ» ባለ ቁጥር መስመር ስለሚይዝ ለሌላ ተናጋሪ የሚተርፍ ባዶ መስመር የለም። ሚስተር ኮል ውጤቱን አይቶ ሳቀ። «አገራችሁ ውስጥ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው የለም» አለን። ስድብ አልነበረም፤ አድንቆ ነው። ሳጥኖቹን በእንጨት አሽጎ ይዟቸው ሄደ፣ የመተሐራ ሰልፍም ተመልሶ ረዘመ። የሥራ ዘመኔ ትልቁ ሽንፈት ይህ ነበር፤ እስከ ዛሬ ብሞክርም በሙሉ ልቤ ላዝንበት አልቻልኩም። ድምፅ በሚገባ የሚያጥፉ ሌሎች መሣሪያዎች በኋላ መጡ፤ ሁሉንም በጨዋታ ነበር የምንፈትናቸው፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሰው አስቀምጠን።

ከእስር የተፈታን ሰው ሄዶ መጠየቅ ወግ ነው። ጋሽ ለማና እኔ ስኳርና ዘይት ይዘን መተሐራ ሄድን። አቶ ሞሊሶ ከስቷል፤ ፈገግታው ግን ቤት የሚያሞቅ ነበር። እንኳን ለቤትህ አበቃህ አልነው፣ ተቀመጥን። ጋሽ ለማ ከመጀመሪያው ጀምረው ሁሉንም ነገሩት፤ ስለ ጋዜጣው፣ ስለ ቁልፏ፣ ስለ መብራቷ። ይቅርታም ጠየቁት። ሞሊሶ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሰማቸው። እሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረሱ ቁጥር «አዎ» ይላል። «አዎ፣ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ገብቶኛል።» ጮክ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ፤ ምስክርነት የሚሰጥ ነበር የሚመስለው። መጀመሪያ ለእንግዳ ክብር መስሎኝ ነበር።

ስንወጣ ወይዘሮ አበራሽ እስከ አጥሩ በር ሸኘችን። ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር፤ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ሳብ አድርጋ ቆመች።

«ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትንሹ ልጄ ስለ ኳስ ሲያጫውተው እንኳ ‹አዎ፣ ሰምቻለሁ› ነው የሚለው። እኔ ስለ ወጥ ሳወራው፣ ስለ ጎረቤት ሳወራው፣ ‹አዎ፣ ሰምቻለሁ›። ድሮ ሳወራው ዝም ብሎ እህ፣ እህ ይለኝ ነበር። አላስተውለውም ነበር እኮ። አሁን የራሴ ባል ፊት ቀርቤ አቤቱታ የማሰማ ይመስለኛል።»

ጋሽ ለማ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዟዙራሉ።

«መሣሪያውን አስተካከልነው ብላችኋል» አለች። «እሱንስ? ያቺን እህታውን ማን ይመልስልኛል?»

ጋሽ ለማ አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ አበራሽ ግን ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም፤ መልስ እየጠበቀች ነበር። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩና «እህ» አልኳት።